የማታለቅሰው ልጅ

አሰፋችዬ፣

ከዲላ አጠገብ ካለችው ጪጩ ነው የምጽፍልሽ። የባለቤቴ የእህት ልጅ ሩሃማ እዚህ እናቶችን ታማክራለች፤ ዛሬ እኔም አብሬያቸው ተቀመጥኩ። እንደኛ ደብረ ብርሃን ብርድ የለም፤ በሩ ተከፍቶ እንሰቱ ዝናብ ሲጠጣ ይታያል።

አንዲት ቡና ለቃሚ የሁለት ዓመት ልጇን አስቀምጣ ወጣ ብላ ተመለሰች። ልጅቷ ቀና ብላም አላየቻት። እናትየው በኩራት፣ "ጨዋ ናት፤ ጥያት ብሄድም አታለቅስም" አለች። ሩሃማ በቀስታ፣ "እንዲህ ያሉ ልጆች ሲመረመሩ፣ አፋቸው ዝም ብሎ ልባቸው ሲሮጥ ተገኝቷል። አእምሯቸው ማልቀስ እንደማይጠቅም ተምሯል። ግን እንደገና ይማራል፤ ስትመለሺ ሁልጊዜ እቀፊያት" አለቻት።

ከኋላ አንዷ፣ "የእኔማ መንደሩን በጩኸት ያፈርሰዋል፤ ለካ ጤነኛ ነው!" ብላ አሳቀችን። ቡና ለቃሚዋም እየሳቀች ልጇን አነሳቻት። ስለዚህ ነገር ብዙ አንብቤያለሁ፤ ማንንም ሳይወቅሱ እንዲህ ሲያስተምሩት ግን ገና ዛሬ አየሁ። ሩሃማ እንዴት ያለች ልጅ ናት!

ልጄን ትጊን በሕፃንነቷ አንቺ ዘንድ እየተውኩ ሥራ ስሄድ "ጨዋ ልጅ" እንላት እንደነበር ትዝ ይልሻል? ሩሃማ ለትልቅ ሰውም አይረፍድም ትላለች።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ጋሽ ዳምጠውን ሰላም በይልኝ። ለገና ስመለስ ትጊ መናኸሪያ ትቀበለኝ። "መንገዱን ታውቀው የለ?" ካለችሽ፣ "ልታቅፍሽ ፈልጋ ነው" በያት።

ገነት