ሰው ሳይጠይቁ ስለሚጫኑ ኮምፒውተሮችና ስለ ፊርማዬ

ለክቡር አቶ መንግሥቴ
የጉማራ ንባብና መረጃ ማዕከል ኃላፊ
ወረታ

ግንቦት 2005 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ። የዘንድሮ ግንቦት ለፎገራ ሜዳ ከብት እንኳ አልራራም፤ ነገር ግን የቢሮዎ ማራገቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ሲዞር በመስኮቱ በኩል ስለምሰማ ስለ እርስዎ ብዙ አልሰጋሁም። እኔም ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ አፌን ከሚመረኝና እህል ከሚያስጠላኝ አንድ ነገር በቀር። እርሱንም ከዚህ በታች እገልጸዋለሁ።

ሙናዬ ገብረማርያም እባላለሁ፤ የሟቹ የአቶ አበረ ባለቤት ነኝ። በማዕከልዎ ከሰዓት በኋላ በስተግራ ካለው መስኮት ሥር ተቀምጣ የምታነበው፣ ስትነሣ ወንበሯ እንኳ የማይሰማው ሴት እኔ ነኝ። ስሜን ላያውቁት ይችላሉ፤ ፊርማዬን ግን ያውቁታል፣ ሠርተውበታልና። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ጆንያና ስኳር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ ጆንያውን ይውቀሱልኝ።

የምጽፍልዎ የማዕከሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ሀጂራ መሐመድዘይን በመጪው ሰኞ ከሥራዋ ልትሰናበት ስለሆነ ነው። ጥፋቷ የማዕከሉን የድምፅ መጻሕፍት በግዴለሽነት ማጥፋት ነው ተብሏል፤ ይህንንም አይተናል ብለው ከፈረሙት ምስክሮች አንዷ እኔ ነኝ ተብሏል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ያየሁትን በአካል ልነግርዎ ደጋግሜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ጊዜዎን ላለመሻማት በአደባባይ መጻፍን መረጥኩ። አቤቱታ ማቅረብ ስለማልችልበትም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በዚህ ዕድሜዬ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለ ሰው እንዴት እንደሚጫን እንዳውቅ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ሀጂራ እንዳስረዳችኝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒውተሩ እንዲነሣና እንዲታዘዝ የሚያደርገው ዋናው ፕሮግራም ነው፤ ሲጫንም ማሽኑ መንገድ ላይ እየቆመ ሰውን ይጠይቃል። በምን ቋንቋ ልሥራ? ሰዓቱ የየት አገር ይሁን? ባለቤቴ ማን ይባላል? ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ? ማዕከሉን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉና ዘጠኙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች በፊታቸው በአንድ ጊዜ ይጫኑ ብለው ባዘዙ ጊዜ፣ ሀጂራ መልሶቹን ሁሉ አስቀድማ በአንድ ፋይል ጻፈች፤ ማሽኖቹም በገመድ ከእርሷ ኮምፒውተር እየተቀበሉ፣ ሰው አጠገባቸው ሳይቀመጥ፣ ራሳቸው እንዲጨርሱ አዘጋጀች። መጀመሪያ የሞከረችው በእርስዎ ላፕቶፕ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን በሚሉት፣ በእውነተኛው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ በሚፈጠር፣ አካል በሌለው ኮምፒውተር ላይ። እርሱ ቢበላሽ ተሰርዞ እንደ አዲስ ይፈጠራል እንጂ የሚያዝንለት የለም።

ሙከራው ሲካሄድ ጥጌ ላይ ነበርኩ። ሄዶ ሄዶ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ የሚለው ላይ። የዚህን መልስ ሀጂራ ሆን ብላ ባዶ ትታው ነበር። ለምን ቆመ ሲሏት «ይኸኛው ጥያቄ ሰው ይፈልጋል» አለችዎ። እርስዎም «ማሽን እንግዳ ፊት ቆሞ ሰው ይጠይቃል? ለሁሉም አዎ በይ። በዚያን ቀን ከማንም ጥያቄ እንዳይነሣ» አሏት። እንዳሏት አደረገች። አካል በሌለው ማሽን ውስጥ የሚጠፋ ነገር ስላልነበረ ሁሉም ያለ ኮሽታ አለቀ፤ እርስዎም ብቻዎን አጨበጨቡ። ክቡር ሆይ፣ መልሱ ቀድሞ ተሞልቶ በሚመጣ ስብሰባ ስንት ዘመን ተቀምጫለሁ፤ አሠራሩ ይህን የመሰለ የሠለጠነ ስም እንዳለው ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ማን ይባላል ለሚለው ጥያቄ የራስዎ ስም እንዲሞላ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። እነሆ ማሽኖቹ ሁሉ ጠዋት ሲከፈቱ «እንኳን ደህና መጡ አቶ መንግሥቴ» ይላሉ። የሩዝ ነጋዴውም ተማሪውም ከፊታቸው በተቀመጠ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ እርስዎን ይሆናል። እርስዎ ራስዎ ከእንግዶቹ ቀን ወዲህ ወደ አዳራሹ ብቅ ስላላሉ ሰላምታው እንዳይባክን እኔ እቀበልልዎታለሁ።

ሦስተኛ፣ ለእንግዶቹ ባዘጋጁት ሪፖርት ውስጥ ለቤዛ ስለሰጧት ከፍ ያለ ሥፍራ አመሰግናለሁ። ለማያውቋት አንባቢዎች፣ ቤዛ ዓይነ ስውር ናት፤ ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ በመሆኑ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በዚህ ሰኔ፣ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ትወስዳለች። በብሬል የተዘጋጀ መጽሐፍ እኛ ዘንድ ስለማይደርስ፣ እኔ የኅብረተሰብ ትምህርቱንና የሥነ ዜጋውን መጽሐፍ፣ ሀጂራ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን፣ በአሮጌው ኮምፒውተር ማይክሮፎን ፊት ጮክ ብለን እያነበብን ከመስከረም ጀምሮ ድምፃችንን ስናስቀምጥላት ከርመናል። መገንጠያው ላይ የደብረ ታቦሩ ከባድ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ እናቆማለን፤ ባጃጁ አልፎ ሲሄድ ዓረፍተ ነገሩን ከራሱ እንጀምራለን። ሳነብ ከተደናገርኩ ቤዛ «እትዬ፣ እሱ ለእርስዎም አልገባዎትም መሰለኝ፣ ይድገሙት» ትለኝ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቷን ነበር። ሀጂራ ቅጂ የምናስቀምጥበት ዲስክ እንዲገዛ ብትጠይቅ በጀት የለም ተባለች። በዚያው ሰሞን «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው የእንግዶች መቀበያ ጨርቅ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሰቀለ፤ በሪፖርቱም ላይ «ማዕከሉ ለዓይነ ስውራን የድምፅ ቤተ መጻሕፍት አቋቁሟል» ተብሎ ተጻፈ። ማዕከሉ ማለት እኔና ሀጂራ መሆናችንን ስላላወቅን ኩራቱ ሳይሰማን ቀረ።

አራተኛ፣ ስለ ጉልበት ሥራዎ አመሰግናለሁ፤ ኃላፊ ሰው ጎንበስ ብሎ ገመድ ሲሰካ ማየት በየቀኑ አይገኝምና። ሀጂራ አሮጌውን ኮምፒውተር ከሌሎቹ ለይታ፣ ገመዱን ነቅላ፣ «አይነካ፤ የቤዛ መጻሕፍት አሉበት» የሚል ወረቀት ለጥፋበት ነበር። የእንግዶቹ መኪና በር ላይ ሲቆም እርስዎ እርሷን የታሸገ ውሃ እንድታመጣ ወደ ሱቅ ላኳት። ከዚያ አዳራሹን ዞር ብለው ቃኙ፤ ዘጠኝ ማሽን በርቷል፣ አንዱ ጠቁሮ ተቀምጧል። ወረቀቱን አነበቡት፤ ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከዚያም አራት ቦታ አጥፈው ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቁት፤ ገመዱን ሰኩ፤ ሀጂራ ሌሎቹን ስታስነሣ ያዩትን ቁልፍ ተጫኑ፤ ከረቫትዎን አስተካክለው እንግዶቹን ሊቀበሉ ወጡ።

እኔ ከመስኮቱ ሥር ነበርኩ፤ አፍ ነበረኝ፤ አልተናገርኩም። እንግዳ እየገባ ነው፣ ኃላፊው የሚያደርገውን ያውቃል፣ የእኔ ድምፅ ለመጽሐፍ እንጂ ለሰው አልለመደም ብዬ ዝም አልኩ። ይህችን በእርስዎ ላይ አልጭናትም፤ የእኔ ናት።

አሥሩም ማሽኖች፣ አሮጌውም ጭምር፣ ይጥፋ ወይ ብለው ማንንም ሳይጠይቁ ተጫኑ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ አንዱም በስልኩ ቀረፀ። ከዚያ ከመካከላቸው አንዲት ሴት በሪፖርቱ ላይ ያነበብነውን የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እንስማ አሉ። እርስዎ ቤዛን ለዚሁ ብለው ነጠላዋን አስለብሰው ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊት አስቀምጠዋት ነበርና፣ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። በመጨረሻ «እትዬ ሙናዬ የሉበትም» አለች፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ። እንግዶቹ ወደ እርስዎ ዞሩ፣ እርስዎ ወደ በሩ ዞሩ፤ በበሩ ሀጂራ ውሃውን ታቅፋ ትገባ ነበር። እርስዎም «ይቺ ልጅ ናት ያጠፋችው» አሉ። ውሃውን ገና አላስቀመጠችም ነበር።

አምስተኛ፣ እንግዶቹን ከዚያው ወደ ወንዛዬ ስለወሰዷቸው አመሰግናለሁ። ፍልውሃው ለቁርጥማትና ለቆዳ በሽታ ፍቱን ነው ይባላል። ለሌላ ነገር ያጥባል ሲባል ግን አልሰማሁም።

ስድስተኛ፣ ስለ ብስኩቱ አመሰግናለሁ። በዚያው ዕለት ብስኩት ሲታደል የስምና የፊርማ ወረቀት አብሮ ዞሮ ነበር፤ ለተገኙ ሰዎች ነው ተባልን፣ ፈረምን። ያ ወረቀት ዛሬ ለሀጂራ ስንብት የምስክሮች ፊርማ ሆኖ ከመጪው ሰኞ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዟል። ቃለ ጉባኤው የታተመው ሐሙስ ነው። «ከሰፊ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ይላል፤ ሰኞ ግን ገና አልነጋም። እንዴት አወቅሽ ቢሉኝ፣ ማተሚያው ወረቀት ስለነከሰና የሚያስተካክለው ሌላ ሰው ስለጠፋ ራሷ ሀጂራ ተጠርታ የራሷን ስንብት ከማሽኑ ጥርስ መካከል መዝዛ አወጣች። ሳትቀድ፣ ጠርዙን አቃንታ፣ ለጸሐፊዎ ሰጠች። ከዚያ ወደ ጥጌ መጥታ «እትዬ፣ የእርስዎም ፊርማ አለበት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያ ብስኩት ከጉሮሮዬ አልወረደም። ጠዋት ስነሣ ጣዕሙ ምላሴ ላይ አለ። የገዛ ስሜን ስጽፍ እጄ ይጸየፈኛል። የማይገባኝ ነገር ቢኖር እርስዎ ይህን ሁሉ አድርገው በዚያው ቀን ምሳ እንዴት እንደበሉ ነው፤ የሆድዎን ጽናት አደንቃለሁ።

በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ጊዜም እንዲሁ መልሱ ቀድሞ የተሞላ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። እጅ አውጡ ተባልን፣ አወጣሁ፤ የጎረቤቴ ማሳ ተቆርሶ ሄደ። ሰውየው እስኪሞት ድረስ በደጄ ሲያልፍ «እንደምን አደርሽ ሙናዬ» ማለቱን አልተወም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሀጂራም ዛሬ ጠዋት እንደምን አደሩ ብላኛለች።

እርስዎ የወረታን ሰው ሁሉ በላፕቶፕዎ ሆድ ውስጥ የተፈጠረ፣ ቢሰረዝ ነገ እንደ አዲስ የሚነሣ አድርገው ሳይቆጥሩን አልቀሩም። ሀጂራ ግን የመሐመድዘይን ባለሱቁ አንድ ልጅ ናት፤ ግዴለሽ ተብላ ከተባረረች በዚህ መንገድ ላይ ባለ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚያስነካት የለም።

ስለዚህ ፊርማዬን አንስቻለሁ። እኔ ሙናዬ ገብረማርያም በዚያ ወረቀት ላይ የፈረምኩት ብስኩት መብላቴን ብቻ ነው። ገመዱን የሰኩት እርስዎ ነዎት፤ ሀጂራ በዚያን ሰዓት በእርስዎ ትእዛዝ ውሃ ልታመጣ ሄዳ ነበር። ሰኞ ስብሰባው ላይ ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁና፣ በቃለ ጉባኤው ላይ በሙሉ ድምፅ የሚለውን ከወዲሁ ቢያስተካክሉት ይሻላል። ማተሚያው ዳግመኛ ወረቀት ቢነክስ ማንን እንደሚጠሩ ግን አላውቅም። «አይነካ» የሚለውን የሀጂራን ወረቀት ማስረጃ ይሆናል ብዬ ብፈልገው ከጠረጴዛው እግር ሥር የለም፤ ጠረጴዛው ግን እንደገና መወላገድ ጀምሯል። የሚመሰክረው ይኸው ነው።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለማራገቢያዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሆድዎም ያልተለየውን ጤና እየተመኘሁ፣ ስብሰባዎን ስላቋረጥኩብዎ ደግሜ ደጋግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

ብስኩትዎን የበላች፣ ውሃዎን ያልጠጣች፣
ሙናዬ ገብረማርያም

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ
በዕለቱ ላጨበጨቡት ክቡራን እንግዶች
ለአሥሩም ኮምፒውተሮች (በእርስዎ ስም)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቤዛን መጻሕፍት እንደገና ማንበብ ጀምረናል። አሁን የምንቀዳው በሀጂራ ስልክ ሲሆን፣ የምንቀመጠውም ጥላ ያለው እዚያ ስለሆነ ከቢሮዎ መስኮት አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ነው። ትናንት የሥነ ዜጋውን፣ ስለ ኃላፊነት የሚለውን ምዕራፍ ስጀምር ድምፅዎ በመስኮቱ ወጥቶ ከንባቡ መካከል ገባ። «ያቺ አሮጊት ከመጣች ስብሰባ ላይ ናቸው በላት» ይላል፤ ጥርት ብሎ ይሰማል። አጥፍቼ እንደገና ልቅዳው ብል ቤዛ እምቢ አለች። «ትርጉሙንማ አውቀዋለሁ እትዬ፣ የጎደለኝ ምሳሌው ነበር» አለችኝ።