ሲያነቡት የሚጠፋ ጽሑፍ

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ላለችው ለመጨረሻዋ ልጄ፣

ሰባ ስምንት ዓመት ሞላኝ። አራት ፎቅ ደረጃ ሳላርፍ እወጣለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ማንንም ጻፍልኝ ሳልል በገዛ እጄ እየጻፍኩ ነው። ፊደሌ እንደ ድንጋይ አጥር ቢወላገድ በዕድሜዬ እንዳታሳብቢ፤ ዱሮም እንዲሁ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ‘አባትሽ ደክሟል’ የሚል ወሬ ሳይደርስሽ አይቀርም ብዬ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ የሚያምሽ ወገብሽ ተሻለሽ? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሰሽ ከየት ይሻልሻል! ባልሽስ ደህና ነው? የልጅሽ የፊት ጥርስ በቀለ? እኔ እናትሽን ካጣሁ ወዲህ ምንም አልጎደለብኝም። ቁልፌን ወስደውብኛል እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንፃውን የውሃ ፓምፕ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደጠበቅሁ ታውቂያለሽ። አምና አዲስ ፓምፕ ገባ፤ ጎኑ ላይ ግራጫ ሣጥን አለው። ውስጡ ፓምፑን የሚያዝ ፕሮግራም አለ፣ አንቺ ፈርምዌር የምትይው። ሞተሩ ሲግልም ሲቆምም የሆነውን ሁሉ ራሱ ይመዘግባል አሉን። ባለፈው ወር ፓምፑ ሦስት ቀን በተከታታይ በቀትር ቀጥ ብሎ ቆመብኝ። ለነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ብነግረው ‘ሣጥኑ ያውቀዋል፣ እርስዎ አይጨነቁ’ አለኝ። በአራተኛው ቀን ሞተሩ ተቃጠለ። ጭሱ እንኳ ሳይወጣ ይኸው ጸሐፊ ‘ሽማግሌው ቫልቩን ሳይከፍት አስነስቶት ነው’ ብሎ አረፈው። እኔ! እጄን ሳልታጠብ እበላ ይሆናል እንጂ ቫልቭ ሳልከፍት ፓምፕ አላስነሳም።

ሞተሩን እንዲያይ የተጠራው ባለሙያ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ሽቦውን ሣጥኑ ላይ ሲሰካው ጽሑፉ መስመር በመስመር ይወርድ ጀመር። ‘ኧረ አባባ፣ ይኼ ከመቃጠሉ በፊት ሦስት ጊዜ በሙቀት ቆሟል’ አለኝ። ደስ አለኝ። ግን ለእኔ ብቻ ቢነግረኝ ምን ይረባኛል? ቆይ፣ ጸሐፊው ራሱ መጥቶ ይየው ብዬ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ይዤው ስወርድ ባለሙያው ያነበበውን ሳያስቀምጥ፣ ባትሪው እንዳያልቅ ብሎ ላፕቶፑን ዘግቶታል። እንደገና ሲጠይቀው ሣጥኑ ‘ምንም የተመዘገበ የለም’ ይላል። ለካ ያ ጉደኛ አንዴ ከተነበበ የጻፈውን ይደመስሳል! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እኔን ነው። ባለሙያውን ያየኸውን ጻፍልኝ ስለው ‘አባባ፣ ማሳየት የማልችለውን አልፈርምበትም’ አለኝ። ጸሐፊው ‘በሉ የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ’ ብሎ እጁን ዘረጋ። ሁለቱንም ጠግበው እስኪያገሱ ሰደብኳቸው። ቁልፉን ግን ሰጠሁ።

ይህን በስልክ ስነግርሽ ከጸሐፊው ይልቅ ያንገበገብሽኝ አንቺ ነሽ። ‘አባዬ፣ የተለመደ አሠራር ነው፣ ቦታ ስለሚጠብ ነው፤ እኔም አሁን የምሠራው ድራይቨር እንደዚሁ ነው’ አልሽኝ። ድራይቨሩ ምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ኮምፒውተሩ የእንዲህ ያለውን ሣጥን ማስታወሻ የሚያነብበት በር ነው። በሩ ምን ዓይነት ይሁን ብላ የምትወስነው ደግሞ የእኔ ልጅ! አንብቦ መቅደድ የት ያየሽው ነው? ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ፊደሉ ከዓይንሽ ሥር እየጠፋ ቢሄድ ለባልሽ ምኑን ታሳዪዋለሽ?

የፓምፕ ቤቱን ግድግዳ አልረሳሽውም። ፓምፑን ባስነሳሁ ቁጥር አንድ ሰረዝ፣ በራሱ በቆመ ቁጥር አንድ ክብ በምስማር እጭራለሁ። መቁጠር የተማርሽው እዚያ ነው። ስንቱ አነበበው፣ የማንም ዓይን አንዲት ሰረዝ አልበላም። ቦታ ሲሞላ ወደ ጎን ዞርኩ። ዝናብ ልስኑን ያወረደው ጊዜ እንኳ ‘እዚህ ጋ የጠፋ አለ’ ብዬ ትልቅ ምልክት አደረግሁበት እንጂ እንዳልነበረ አላለፍኩትም።

እና ስሚኝ። ማንበቢያው ለብቻው፣ መደምሰሻው ለብቻው ይሁን። መደምሰሻው ቁልፍ ይኑረው፤ የደመሰሰውም ሰው ስሙ ተጽፎ ይቆይ። ሁለት ሰው ቢያነብ አንዱ የሌላውን አይውሰድበት። ለየመስመሩ ቁጥር ስጪው፤ ከሰባት ቀጥሎ ዘጠኝ ከመጣ የስምንት መጥፋት ይታወቃል። ቦታ ጠብቦ የድሮው ከተሰረዘም ‘ይህን ያህል ጠፍቷል’ ይበል፤ ‘ምንም የለም’ ብሎ አይዋሽ። የጠፋና ያልነበረ አንድ አይደለም! እኔን ቁልፌን ያስነጠቀኝ ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው።

ሦስቱ ክቦች ግድግዳው ላይ አሉ። ጸሐፊው ግን ‘ጭረት ማስረጃ አይሆንም’ ብሎ ግድግዳው ዛሬ ይቀባ አለ። ቀለም ቀቢው በሩን ሲከፍት ቀድሜው ገባሁና ወንበሬን ከግድግዳው ፊት ተከልኩ። ‘አባባ፣ ይነሱልኝ እንጂ፣ እንጀራዬ ነው’ ቢለኝ፣ መጀመሪያ ጸሐፊው ያንብበው፣ ከዚያ ቀባው አልኩት። ሳቀና ባልዲውን ገልብጦ አጠገቤ ተቀመጠ። የአራተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊም ውሃ የቆመው በእነዚያው ሦስት ቀናት መሆኑን ፀጉሬ ላይ ሳሙና ይዤ ስለቀረሁ አልረሳውም ብላ ጸሐፊውን ልትጠራ ወጥታለች።

ለጸሐፊው እንዳትደውዪ፤ ሽማግሌም አትላኪ። ሰላምታዬን ለባልሽ አድርሺ፣ ወገብሽን እሱ በቅቤ ይሽልሽ። አማትሽን፣ ጉልበትዎ ይበርታ በያቸው። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ።

ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ። ባለሙያውን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ማሳየት የማልችለውን አልፈርምም ማለቱ ወንድነት ነው። ለቀለም ቀቢው፣ ሥራ ላስፈታሁበት ቀን የደረጃውን መደገፊያ አብሬው እቀባለሁ። ለጸሐፊው ግድግዳውን ሰረዝ በሰረዝ አነብለታለሁ። ለእናትሽ ቁልፉን ለሚገባው ሰው በእጄ ሳላስረክብ አልሞትም ብያት ነበር፤ እሱንም እከፍላለሁ። ያ የድራይቨርሽ በር ግን ያንቺ ነው፤ እሱን ልከፍልልሽ አልችልም።

አባትሽ
ከፓምፕ ቤቱ፣ ከወንበሬ ላይ
ሐሙስ ኅዳር 13 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጸሐፊው እስካሁን አልወረደም።