ቁምጣ የለበሰው መስኮት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል

ለረጅሙ፣ ሜዳ ወርደህ ለቀረኸው፣

ደረትህ እንዴት ከረመ? ሳሉ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ግን ሙሉ በሙሉ አትመነኝ፤ ትናንት ሰፈር ሙሉ ሰው ሲስቅብኝ ነው የዋለው። ለማንም እንዳትናገር፣ በተለይ ለእህትህ። እሷ ጆሮ ከገባ ሳይመሽ ልጃችን ትሰማለች፣ ልጃችን ከሰማች ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቴ መቀለጃ ሆኜ መቅረቴ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው መጋረጃ ስሰፋ የኖርኩት ሴትዮ የገዛ ቤቴን መጋረጃ አሳጥሬ ሰፋሁ! ትንሽ ቢያጥር እሺ፣ ጫፉን ተርትሬ እዘረጋው ነበር። ልገባበት በተከራየሁት ቤት ዘንጉ ላይ ብንሰቅለው የመስኮቱ ጉልበት ላይ ቀረ። ጎኑ ደግሞ ተርፎ ተርፎ ግድግዳው ላይ ይንዘላዘላል። ወንድሜ ከመሰላሉ ሳይወርድ ቁልቁል አየና፣ «እትዬ፣ መስኮቱን ቁምጣ አለበስሽው እኮ!» አለ። አከራይዋ ሳቋን ለመደበቅ ዞር አለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ሬዲዮም አብራን ነበረች። ሬዲዮን አልረሳሃትም አይደል? ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ ስሙን ያወጣህላት አንተው ነህ። እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «እኔ እንኳ ዝም ነው የምለው» አለች። ዝም አላለችም። ሰፈር ስንመለስ እኛ ከወንድሜ መኪና ሳንወርድ እሷ ዘላ ወርዳ ወሬውን አዳርሳዋለች።

ልጃችን ምን ያህል እንደነገረችህ ስለማላውቅ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ሰፈራችን ሊነሣ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለው ቁልቁለት መንሸራተት ጀምሯል። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች፤ አሁን ጣቴን አስገባባታለሁ። አንተ ያስተካከልከው የመኝታ ቤት በር እንኳ አልዘጋ ብሎ፣ ማንም ሳይነካው ይከፈታል። የማዘጋጃ ቤት መሐንዲሶች መጥተው በየበሩ ቀይ ቀለም ቀቡና እስከ ቅዳሜ ልቀቁ አሉን። መንገዱ ላይ ፍራሽና ቁም ሣጥን ተሸክሞ የሚራወጠውን ሰው ብታየው!

እኔ ደግሞ መቀመጥ አቅቶኛል። ሳህኖቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ እከታለሁ፣ ተመልሼ ፈትቼ አወጣቸዋለሁ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት ስፌት መኪናው ላይ ነው፤ አሁን ደረጃው ላይ ነኝ፤ የት እንደምጨርሰው እንጃ። መልቀቁ አይደለም ያስጨነቀኝ። ወዴት የሚለው ነው።

ልጃችን፣ «እማዬ፣ ምን ያንከራትትሻል፣ እኔ ጋ ነይ» ትለኛለች። ዐይኔ የሚያርፍበት ተራራ በሌለበት ሜዳ ላይ ምን ልሁን? ይህን ክርክር ታውቀዋለህ። ሐኪሙ «ከፍታ ለዚህ ደረት አይሆንም፣ ውረድ» ያለህ ጊዜ አንተም አላሸነፍከኝ፣ እኔም አላሸነፍኩህም። «እንግዲያው ተራራሽን አግቢው!» ብለህ ቁልፍህን ጠረጴዛው ላይ ጥለህ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የምንባባለው በልጃችን በኩል ነው። «አባዬ ሰላም ብሎሻል።» «ሰላም በይው።» በቃ። ይኸው አሁን በወጉ እየጻፍኩልህ ነው፤ አትደንግጥ።

ወንድሜ በዚያች በምታቃስት የጭነት መኪናው ቤት ሊያሳየኝ ይዞኝ ዞረ። እኔም ክሬን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። የኔን ነገር ታውቃለህ፣ ሜትር አልወድም። መስኮት የምለካው በክር ነው፦ ለወርዱ አንድ ቋጠሮ፣ ለቁመቱ ድርብ ቋጠሮ፣ ለየቤቱ አንድ ክር። አንተ «የዓሣ አጥማጅ ሚስት» እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ከተራራው ጀርባ ነው። ጉም! ሌላ የምነግርህ የለም። ደላላው ፊት ፊት እየሄደ ጠፋብንና በድምፁ ተከተልነው። «ይህኛው መስኮት ሸለቆውን ያሳያል» ይላል። ወንድሜ፣ «ሸለቆው እኛን ካላየን በቀር እኛስ አናየውም» አለው። መጋረጃ ሰፊ እዚያ ምን ትሠራለች? እነሱን ፈጣሪ ራሱ ጋርዶላቸዋል። ክሩን ከኪሴም አላወጣሁት።

ቀጥሎ ወደ ላይኛው ከተማ ወጣን። ስንት ዓመት ስመኘው እንደኖርኩ ታውቃለህ። ያ ብርሃን፣ ያ እንደ ታጠበ ብርጭቆ የጠራ አየር! ቤቱም ልቤን ነው የወሰደው። መስኮቶቹ ረጃጅም፣ ፊት ለፊታቸው ተራራው ተዘርግቶ፤ ከሥር ደግሞ መንገድ ላይ የሚወጣ ክፍል አለ፣ ለሱቅ የሚሆን። ሬዲዮም ሌሎቹም ጎረቤቶች የሚሄዱት እዚያው ነው፤ ደንበኞቼ ተከትለውኝ ይመጣሉ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ከመንገዱ እስከ በሩ ያለው ደረጃ። ቀጥ ያለ ነው፣ መደገፊያም የለው።

እዚህ ጋ ሌላ ቅሌት አለብኝ። ወንድሜና አከራይዋ ፊት ፊት ሲወጡ እኔ ቀረት አልኩና አፍንጫዬን በሻሽ ጫፍ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። ከዚያ በአፌ ጥቂት ጥቂት ብቻ እየሳብኩ መውጣት ጀመርኩ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ሰው የሚከራየውን ቤት በየመልኩ መሞከር አለበት። የደረጃው አጋማሽ ላይ ስደርስ ዐይኔ ጭልም አለብኝና እዚያው ዘጭ አልኩ። አከራይዋ እየጮኸች ተመልሳ መጣች።

«ወይኔ ጉዴ! ሴትዮዋ ልትሞትብኝ ነው! አስም አለብሽ እንዴ እህቴ?»

«ኧረ የለብኝም።»

«ታዲያ ማን ነው ያለበት?»

«ማንም።»

ወንድሜ አየኝ። ውሃ ጠጣሁና ተነሥቼ፣ እልህም ይዞኝ መሰለኝ፣ «ቤቱን ወስጃለሁ» አልኳት። ተጨባበጥን። ቅዳሜ እገባለሁ ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። መስኮቷንም ለካሁ። እስከዚህ ድረስ አእምሮዬ በቦታው ነበር።

ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ ነው፣ ልብ በል፣ ወንድሜ ጎማ ሊያስለጥፍ ወደ ታችኛው ከተማ የወረደው። ያን ከተማ መቼም አልወደውም ነበር፣ አሁንም አልወደውም። አውቶቡስ መናኸሪያውን ታስታውሰዋለህ፤ ጡሩምባው ቀኑን ሙሉ አያርፍም። ጎማው እስኪለጠፍ ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ ማዶ «የሚከራይ» የሚል የተጻፈበት በር አየሁና ጥላ ፍለጋ ገባሁ። ጥላ ፍለጋ ብቻ!

ቤቱ ዝቅ ያለ ነው፤ መልክም የለው። መስኮቶቹ ሰፋፊና አጫጭር ናቸው። ተራራው የሚታየው ከወጥ ቤቱ ብቻ ነው፣ እሱም አንገት ከሰገጉ። ደረጃ ግን የለውም። አንድም። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ሻንጣውን ከእጅ ወደ እጅ ሳያዛውር በሩ ላይ ይደርሳል። አየሩም ለስለስ ያለ ነው፤ ከወንዙ በኩል ነፋስ ይገባል። ይህን የምነግርህ እንዲያው ለጨዋታ ነው።

ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጥርሱ ውስጥ እንጨት ይዞ ከኋላ ከኋላዬ ይከተለኛል።

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትገቡት እመቤት?»

«አልገባም። ብገባ ግን ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ በሩ ላይ ቆመሽ እጅሽን ወደ ላይ የምትዘረጊው ለምንድን ነው? አንቺ እንኳን ቆመሽ፣ ዘለሽም መቃኑ አናትሽን አይነካውም።»

ለካ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ! አፈርኩ። ክሩን ከኪሴ አወጣሁና ሥራ ላይ እንዳለሁ ለመምሰል መስኮቱን ለካሁ። በሌላ ክር ደግሞ የበሩን ቁመት ለካሁ። እኔ የበር መጋረጃ እንደማልሰፋ እሱ አያውቅም። መቃኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ሰው ሲገባ ትንሽ ጎንበስ ማለት ይኖርበታል። ጎንበስ ማለት ደግሞ አንዳንድ ሰዎች አልለመደባቸውም። እኔንም ጨምሮ።

ስንወጣ ቁልፉ እምቢ አለ። ሰውዬው ቢያዞር፣ ቢነቀንቅ፣ ቢሳደብ ወይ ፍንክች። «ነገውኑ ቁልፍ ሠሪ አስመጣለታለሁ» አለኝ። «ተወው፣ የማውቀው ሰው አለ» አልኩት። አፌ ነው እንዲህ ያለው። ለማልከራየው ቤት!

እሑድ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጨርቁን ቆረጥኩ። ያን ወፍራም አረንጓዴ፣ ለራሴ ቤት ብዬ ስንት ዘመን ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥኩትን። ኪሴ ውስጥ የሁለቱም ቤቶች የመስኮት ክሮች ነበሩ፤ እጄ አንዱን ሳበ፣ እኔም ሳላይ ቆረጥኩ። ሬዲዮ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ላይኛው ከተማ ታወራልኛለች፣ እኔ «አዎ፣ አዎ» እያልኩ እሰፋለሁ። ትናንት ስንሰቅለው የሆነውን ነገርኩህ።

ስንመለስ ሬዲዮ ከኋላ ዕቃው ላይ ተቀምጣለች፣ እኔና ወንድሜ ጋቢና ነን። ማርሹን ቀየረና፣

«እትዬ፣ ያ መጋረጃ የየትኛው መስኮት ልክ ነው?» አለኝ።

«ተሳስቼ ነው።»

«አንቺ መጋረጃ ተሳስተሽ አታውቂም።»

«አሁን ተሳሳትኩ አልኩህ! ሰው አይሳሳትም?»

መገንጠያው ላይ ሲደርስ መኪናውን አቆመ። ታውቀዋለህ፣ አንዱ መንገድ ወደ ሰፈራችን፣ አንዱ ወደ ታችኛው ከተማ የሚሄድበትን። «ወዴት ልንዳ?» አለ። «ወደ ቤት ነዋ!» «የትኛው ቤት?» በያዝኩት መጋረጃ ፊቱን ልለው ምንም አልቀረኝ። ከኋላ ሬዲዮ ጋቢናውን እየደበደበች፣ «ምን ሆናችሁ? ቤንዚን አለቀ?» ትላለች። እኛ ግን ሳቅም አልመጣልንም።

እና ይኸው ከትናንት ጀምሮ ቤት ለቤት እንጎራደዳለሁ። ለአከራይዋ ምንም አላልኳትም። ወደ ላይ ብወጣ ብርሃኑም ሱቁም ጎረቤቱም አለልኝ፤ የሚጎድል ነገር ካለ እሱ የሚጎድለው ከዚህም ቤት ነው፤ ለምጄዋለሁ። ወደ ታች ብወርድ ግን፣ አስበው እስቲ፣ መናኸሪያ አጠገብ ቁጭ ብዬ የገባው አውቶቡስ ሁሉ በሩን ሲከፍት ቀና እያልኩ ልሰፋ? ስንት መርፌ ጣቴን ይወጋኛል? ማንም ሳይወርድ አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሲሄድስ? ይኸው ነው ቁጭ ብድግ የሚያሰኘኝ።

ና አላልኩህም። እንዲህ የሚል ነገር በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ብትፈልግ አታገኝም፤ ደግመህ አንብበው። አንተም ምን ታስብ እንደሆነ አላውቅም፤ ልጃችን የምታመጣልኝ ሰላምታ ብቻ ነው። ፖስታው ውስጥ ግን አንድ ክር ታገኛለህ። የስፌት መኪና ክር ገብቶበት እንዳይመስልህ። ከጫፉ እስከ ቋጠሮው የዚያ በር ቁመት ነው። ግድግዳ ተደገፍና ተለካበት። ቋጠሮው ከግንባርህ በታች ከዋለ ያው የነገርኩህ ነው፦ ትንሽ ጎንበስ።

አሁን ዝናቡ ተመልሶ መጣ፣ ከደረጃው ተነሥቼ በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት ሊጭነኝ ይመጣል። መገንጠያው ላይ ሲደርስ እንደገና «ወዴት?» ማለቱ አይቀርም፤ ክፉ ነው እሱ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት እሑድ እጽፍልሃለሁ። ያ ቁልፍም ከፈተልኝ፣ ወይስ ከነዕቃዬ ደጅ አስቆመኝ፣ እሱንም እነግርሃለሁ።

ደረትህን ያሽርልህ፣ ትንፋሽህን ያስፋልህ። በምትወጣበትም በምትወርድበትም መንገድ እግርህን ይጠብቀው። የሳል መድኃኒትህን ባዶ ሆድህን አትውሰድ። ለእህትህ ሰላም በልልኝ፤ የመጋረጃውን ነገር ግን አደራ።

የዓሣ አጥማጅ ሚስት

ይህን ሳልረሳ፦ መሣሪያ ሣጥንህ እኔ ጋ ነው ያለው። ሁሉንም ዕቃ ደጋግሜ ጠቅልዬ ስፈታ እሱን ብቻ አልፈታሁትም። መጀመሪያ የሚጫነው እሱ ነው።