በመሀረብ የተቋጠሩት እንክብሎች

ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት ይህን ተረዳ፦ ትኩሳቱ በረደ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም። ሰላምታው ከዚህ ቀጥሎ ይምጣ። እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ ጉልበቴን ከማማረር በቀር ደህና ነኝ።

ባለቤትህ ደውላ ሳሉ እንደተመለሰብህ፣ ስትተነፍስም ጎንህን እንደሚወጋህ ነገረችኝ። አልገረመኝም። ሐኪሙ «የሳንባ ምች ነው» ብሎ ያዘዘልህን እንክብል ላብህ ገና ሲደርቅ አቆምክ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ፈተናውን ግማሽ ሠርቶ ወረቀቱን የሚያስረክብ ሰነፍ አይቻለሁ፤ የቀረውን ጥያቄ ለእናቱ የሚልክ ግን ካንተ በቀር አላየሁም።

እማማን ሳል ጀመራት ሲሉህ የተረፈህን በአውቶቡስ ሹፌር ላክህላት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «ምን ሲደረግ! ልጄ መድኃኒት ልኮልኝ የለ እንዴ?» ብላ እምቢ አለች። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ነው ጎረቤት አሸክሜ የወሰድኳት። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ አንተም ከቻልክ በትዕግሥት አንብብ። ሳንባ ውስጥ እጅግ ትንንሽ የአየር ከረጢቶች አሉ። በሽታው ሲይዛቸው መግልና ፈሳሽ ይሞላቸዋል፤ አየር መግቢያ ያጣል። መድኃኒቱ ሥራውን ሲጀምር ትኩሳቱ ይወርዳል፣ አንተም «ድኛለሁ» ብለህ ትፎክራለህ። ተሕዋስያኑ ግን ገና አላለቁም። ስለዚህ የታዘዘው እስኪያልቅ ይዋጣል። ለሌላ ሰው አይታደልም፤ ከረሜላ አይደለም።

ሆስፒታል አልጋዋን ላስተካክል ትራሷን ሳነሳ መሀረብ አገኘሁ። እንክብሎችህ እንዳሉ ተቋጥረዋል። አንዱንም አልዋጠችም። ምነው ስላት የኦክስጅኑን ቱቦ ገፋ አድርጋ ሳቀች፤ «ዝም በይ፣ ያ ልጅ ጀምሮ መጨረስ አያውቅም፤ ሲያገረሽበት ይፈልገዋል» አለችኝ። መሀረቡ አሁን እኔ ዘንድ ነው።

እማማን አቅርቢልኝ እያልክ አትደውል። ለመምጣትም አትነሳ፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ወንበር እንኳ ከጎረቤት ነው የተዋስነው። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ማቋረጥህንም አትደብቅ። የተቋጠሩትን አልልክልህም፤ ሌላ ይዘዝልህ። የመጨረሻዋን ስትውጥ ና፤ የምነግርህ አለኝ።

እሷ ትመርቅህ እንደነበረው፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ።

ሐኪሙ ያለህን ቃል በቃል ጽፈህ ቶሎ መልስልኝ።

ከእንግዲህ ብቻዬን የምቆጣህ፣
ታላቅ እህትህ