ጥልቀት የሚጠይቅ ባል

ማክሰኞ፣ ጥር 27። ጠዋት

ዛሬም ፋርማሲውን አርፍጄ ከፈትኩ። ምክንያቱ አ. ነው። (ደብተሬ፣ የባሌን ሙሉ ስም አልጽፍብሽም። እጁ ብትገቢ እንኳ እኔ አይደለሁም ብሎ ይጽናና።) መታጠቢያ ቤቱን ዘግቶ ቁጭ። ባንኳኳ ዝም። ብጠራ ዝም። ልቤ ሊፈርጥ ደርሶ በሩን ገፋሁት። ምን ባይ ጥሩ ነው? ልብስ የማጥብበት ሳፋ ውስጥ ፊቱን ደፍቶ ተንበርክኳል። በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ሰዓት ይለካል። በሸሚዙ ጎትቼ ሳወጣው ተቆጣኝ። ልምምድ ነው አለ። ትንፋሽ መያዝ። ለደሴቱ።

ደሴቱ እንግዲህ። የጋብቻችን ዐሥረኛ ዓመት ነው ብሎ ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ድንገት ያመጣው ነገር ነው። ወደ ሞቃት አገር እንሂድ፣ አንድ ደሴት እንምረጥ፣ ስኩባ ዳይቪንግ ልማር። ጀርባ ላይ የአየር ጠርሙስ አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ። ይህን የሚለው ማን ነው? ለጫጉላ ባሕር ዳር ሄደን፣ ጣና ላይ ጀልባ አልሳፈርም ብሎ ወደቡ ላይ ቀርቶ፣ እኔን ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ብቻዬን የላከኝ ሰው። እንጅባራ ላይ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ሱቁ አንድ ቀን ሲዘጋ የሚያመው ሰው።

የሆነ ነገር አለ። እመኚኝ፣ አለ።

ሐሙስ፣ ጥር 29። ከሰዓት

ሰብለ የምትባል ሴት ደወለችለት። ባሕር ዳር የጉዞ ወኪል ቢሮ ትሠራለች ይላል። ይላል ነው የምልሽ። ስልኩን ይዞ ጓሮ ወጣ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጃኬት እንኳ አልደረበም። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም አለኝ። እኔ በዚያው ሰዓት ዳንግላ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ እያወራሁ ነበር።

በወጥ ቤቱ መስኮት ጆሮዬን ጣልኩ። አዎ፣ አደረግኩት፣ አትፍረጅብኝ። ሆቴሉ ደህና ነው ወይ አላላትም። ስለ ምግቡም አልጠየቀም። "ጥልቀቱ ስንት ነው?" አለ። ትንሽ ሰማና ከዚያ በታችስ አይወረድም ወይ አላት። ለውሽማ እንደዚህ አይወራም። ወይስ እኔ አርጅቼ ዘመኑ አምልጦኛል?

ከፋኝ። እራት አልሠራም ብዬ ተኛሁ። እሱ ራሱ ሽሮ ሠርቶ አልጋዬ ድረስ አመጣልኝ። በዐሥር ዓመት የመጀመሪያው። ይኸ ደግሞ ይባስ አጠራጠረኝ። በላሁት ግን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ሰብለ በቴሌግራም ፎቶ ልካለች። ሦስት ደሴት፦ ሲሼልስ፣ ዛንዚባር፣ ፔምባ። ጎን ለጎን ተቀምጠን አየን።

ሲሼልስን ሳይ ልቤ ቀለጠ። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ ሥሩ ያለው አሸዋ ይታያል። ይኸ ይሁን አልኩ። አ. ስልኩን ተቀበለኝና ፊቱ ጠቆረ። በጣም ጠራ አለ። ደብተሬ፣ ውኃ ጠራ ብሎ የሚከፋው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እዚህ የተማረ ሰው በኋላ ጨለማ ውኃ ቢገጥመው ምን ይሆናል ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። እኔን፣ የሳል ሽሮፕ የምሸጠውን። ዛንዚባርን ደግሞ ለጀማሪ ነው ብሎ ናቀው። እኛ ምንድን ነን ታዲያ?

ልቡ ፔምባ ላይ ነው። እዚያ ባሕሩ ከዳርቻው ትንሽ ራቅ እንዳለ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል አሉ። በእጁ እያዘቀዘቀ አሳየኝ። ፎቶውን ግን ወዲያው ገልብጦ አስቀመጠው። የሚፈራውን ነገር ሊዝናናበት ቲኬት የሚቆርጥ ማን አለ?

ቤተ ክርስቲያን ለዝማሬ ልምምድ ሄጄ አንድም ዜማ አልገባኝ። ሳስብ ዋልኩ። ሴት ይዟል። ወይ ከደሴቱ በጀልባ ተሻግሮ ሊጠፋ ነው። ወይ እኔን ሊያሰጥመኝ ነው። የመጨረሻውን ስጽፍ ሳቄ መጣ። ግን አልሰረዝኩትም።

ሰኞ፣ የካቲት 3። ምሳ ሰዓት

ለሰብለ ደወልኩላት። ሚስቱ ነኝ ስል ልታጉረመርም ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ሴትዮዋ እፎይ አለች። እሷም ለካ ስትጨነቅ ነው የከረመችው። ባለቤትሽ ግራ አጋብተውኛል አለችኝ። ባሕር ላይ የተማረ ሰው በኋላ ደጋ ላይ ያለ ሐይቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ጨለማ፣ መግባት ይችላል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ዕቃውን ወደ አገር ማስገባት ይፈቀዳል ወይ፤ ከብዙ ዓመት በፊት የሰጠመ ነገር ወለሉ ላይ ይገኛል ወይ። ይኸ የእረፍት ጉዞ አይደለም፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ሰዎች እንኳ ይሞቱበታል ብላዋለች። እሺ ብሎ በማግስቱ ወደዚያው ጥያቄ ይመለሳል። ደግሞ ጠላቂ አንድ ብሎ ነው ያስመዘገበው። እኔ ዳርቻ ላይ ጠባቂ ነኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። አንዲት እናት ለልጇ የትኩሳት መድኃኒት ፈልጋ ቆማለች፤ ሦስቴ አስደገምኳት።

የደጋ ሐይቅ። ዘንገና ነዋ! ጥርባ ያሉት እናቱ ጋ በሄድን ቁጥር በአጠገቡ እናልፋለን። በሄድን ቁጥር አ. ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት ያዞራል። ደሳለኝ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፣ ሳንተዋወቅ የሞተ። ውኃ ወሰደው ብሎኛል አንድ ጊዜ። ሲናገር ዓይኑን አይቼ አልጠየቅኩም። የክረምት ወንዝ መስሎኝ ነበር። እዚያው ሰፈራቸው ቤ/ክ ተቀብሯል ብዬ ነው የኖርኩት።

ሴት በሆነ ኖሮ። እንዲህ እመኛለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ሴት በሆነ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ማምሻ

ለአ. ግምጃ ቤት ከተማ ሄጄ የፋርማሲ ዕቃ ላመጣ ነው አልኩትና በሚኒባስ ጥርባ ወረድኩ። ዋሸሁ። እሱም ይዋሻል።

እናቱን እማማ ጥሩነሽን ታውቂያቸዋለሽ፣ ስንት ገጽ አምቼልሻለሁ። እኔ ጴንጤ፣ እሳቸው የሰንበቴ ሴት። ሠርጌ ላይ ከል ለብሰው መጡ። ከራስ እስከ እግር ጥቁር። ዐሥር ዓመት ሙሉ ያን ከል አላወለቁም። ጴንጤ አግብቶ ገደለን ማለታቸው ነው ብዬ እኔም ዐሥር ዓመት ቂም ያዝኩ።

ጓሮ ድንች ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ለጎረቤታቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሉ፤ እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ቋንቋውን አልሰማም፣ ስለ እኔ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። (በኋላ ጠየቅኩ። ከስታለች ነው ያሉት።) ቡና እንኳ ሳልቀምስ ደሳለኝ የት ነው የተቀበረው አልኳቸው። መኮትኮቻውን አስቀመጡ።

አልተቀበረም። ለፈረስ ጉግስ ዋዜማ ፈረሱን ሊያጥብ ዘንገና ወርዶ ነው። ፈረሱ ልጓሙን እየጎተተ ብቻውን ወጣ። ሰዉ ገመድ ይዞ ሰነበተ፣ አስከሬን የለም። ካህናቱ ያለ አስከሬንም ፍትሐት ይደረግለታል፣ ተዝካሩን አውጪ ብለዋቸው ነበር። አፈር ያላለበስኩትን ልጅ ተዝካር አላወጣም አሉ፤ ተዝካሩ እስኪወጣም ከሌን አላወልቅም አሉ። ያ ከል ለካ እኔን አያውቀኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ተዝካር ስለሌለ፣ ያልወጣ ተዝካር ሰውን እንዲህ እንደሚያስር አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

አ. ጠልቆ ሊያወጣው እንዳሰበ ስነግራቸው እዚያው የድንቹ መደብ ላይ ቁጭ አሉ።

"ያን ቀን ደረቴን እየደቃሁ፣ ወንድምህን አውጣልኝ አልኩት። ሐዘን ነው ያናገረኝ። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሱ ተሸክሞት ኖሯል?"

ረቡዕ፣ የካቲት 5

እማማ ጥሩነሽ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ። ተዝካሩን ሳይጠብቁ፣ ነጭ ለብሰው። አ. ሱቁ በር ላይ ሲያያቸው አላወቃቸውም። ቆርቆሮ ሊገዙ የመጡ ሴትዮ መስለውት ምን ልታዘዝ አለ።

ቤት ገብተው ተቀመጡ። አ.ን አጠገባቸው አስቀመጡት።

"ልጄ፣ መቃብሩ እዚያው ነው። ውኃ ቢሆንም መቃብር ነው። ከፋሲካ በኋላ ተዝካሩን አወጣለሁ። አንተን ልጨምርለት እንዴ?"

አ. ጉልበታቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፣ እኔም አብሬ። ከዚያ ተነሥቶ ፊቱን ጠረገና እሺ እምየ፣ ትቼዋለሁ አለ። እሳቸው አመኑት። አቅፈውኝም ሄዱ።

እኔ አላመንኩትም። ያቺን እሺ አውቃታለሁ። ለግብር ሰብሳቢ የሚላት እሺ ናት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ደብተሬ፣ ሦስት ቀን ዝም ብዬ አየሁት። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። የፔምባን ፎቶ ግን ከስልኩ አላጠፋም። ልከልክለው? ይዋሸኛል። ላኩርፍ? ብቻውን ይሄዳል። ጸለይኩ፤ ስነሣም ያው ጥርጣሬ ከእኔ ጋር ተነሣ።

ትናንት ሰብለ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን ደንብ ላከችልኝ። እኔ ነኝ የጠየቅኳት። የመጀመሪያው ነገር ምን ይላል? ማንም ብቻውን አይወርድም። ሁሉም ሰው ጥንድ አለው። አንዱ አየር ካለቀበት ከጥንዱ ጠርሙስ ይተነፍሳል። አንዱ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ካሳየ እንውጣ ማለት ነው፤ ያኔ ሌላው አይከራከርም፣ አብሮ ይወጣል። ይህችን መስመር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት።

ምሳ ላይ ነገርኩት። እኔም እማራለሁ አልኩ።

"አንቺ? ዋና እንኳ አትችይም።"

"አንተስ ትችላለህ?"

ሳቀ። የእውነት ሳቅ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረና ለምን አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ዘንገናን ትተኸው ከሆነ ዐሣ አይተን እንመለሳለን አልኩት። ካልተውከው ደግሞ አንድ ቀን ያለ እኔ አትገባበትም፤ እኔም ጣቴን አነሣለሁ፣ አንተም ትወጣለህ። ደንቡ ነው። የያዘውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰው። እሺ አላለኝም። እሺ ስላላለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አመንኩት።

ውኃ እፈራለሁ። ቅድም ለሰብለ ደወልኩ፦ ዛንዚባር፣ የጀማሪ፣ ሁለት ተማሪ። ጥንዱ ማን ይባል አለችኝ። ስሜን ፊደል በፊደል ነገርኳት።