በሐይቁ ማዶ የያዝኩት አንሶላ

ማሬማ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1966

ለውድ ባሌ ለኢላርዮ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ስለሚባል ነው። እኔ ደህና ነኝ። አንተም ደህና እንደሆንክ ሰማሁ፤ መቼም ለራስህ ታውቅበታለህ። ወንድምህ ጁስቶ መጥቶ «ቶሪኖ ሰልችቶታል፣ ከተቀበልሽው ይመለሳል» አለኝ። ከዚያች ባለ ቀይ ፀጉር ሴት ጋር ለዓመታት ጠፍተህ ከርመህ፣ ዛሬ አማላጅ! አማላጁም የወይን ጠጄን ጭልጥ አድርጎ ሄደ። እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሐይቁ እንዳለ ነው። ምንጩ ዛሬም ከሥር ይፈልቃል፣ ቅዝቃዜው አጥንት ሰርስሮ ይገባል። አሁን ከሮም የሚመጣ ዋናተኛ በዝቷል። ምሳቸውን እንደዋጡ ዘለው ይገቡና «ኧረ አውጡን!» ይሉናል። ጅል ሁላ!

አንድ ፕሮፌሰርም የወይን ጓዳችንን ሊያይ መጥቶ ነበር። አባትህ በርሜል ያስቀምጡባቸው የነበሩት ሁለቱ የድንጋይ አልጋዎች ከሮማውያን በፊት እዚህ የኖሩት የኤትሩስካውያን መቃብር መሆናቸውን ለእኔ ሊነግረኝ! «ሲኞራ፣ በዚህኛው ባል፣ በዚያኛው ሚስት፣ ጎን ለጎን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ተኝተዋል» አለኝ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ከአንድ ባል ጋር? ምን አጥፍታ ነው ምስኪን?» አልኩት።

አንተ ቀትር ቀትር ታንኮራፋበት በነበረው በአንደኛው አልጋ ላይ ድንች አፍስሼበታለሁ። ድንች አያንኮራፋም፣ ሴትም አይከተልም።

ትናንት የቅዱስ ሎሬንሶ በዓል ነበር። ወንዶቹ እንደ ልማዱ ሐይቁን ዋኝተው ተሻገሩ፤ ሚስቶቻቸውም ለየባላቸው ደረቅ አንሶላ ይዘው ማዶ ቆሙ። ያ የጎረቤታችን የዘሊንዳ ባል፣ ቦርጫሙ እንኳ ተሻገረ። አንተማ «እኔ ዓሣ ነኝ» ስትል ኖረህ፣ መሃሉ ላይ ጅማትህ ተኮማትሮ በጀልባ ጎትተው ሲያወጡህ ያየሁህ እኔ ነኝ።

እኔም አንሶላ ይዤ ቆምኩ። ዘሊንዳ አፏ መች ያርፋል፣ «አንቺ ፎስካ፣ ባልሽ ያለው ቶሪኖ፤ ማንን ልታደርቂ ነው?» አለች። ሴቱ ሁሉ ሳቀ።

«አንሶላዬን ላናፍስ ነው፣ ምን አገባሽ!» አልኳት።

የመጨረሻው ሰው ወጥቶ ሁሉም ወደ ምሳው እስኪሄድ አናፈስኩት። አምናም፣ ካቻምናም አናፍሼዋለሁ። አንሶላ ካልተናፈሰ ይሻግታል።

እና ቁርጡ ይኸውልህ፦ ያንተን ፊት ማየት አያምረኝም። ከግሮሴቶ ወደ እኛ መንደር አውቶቡስ የሚመጣው ቅዳሜ ብቻ ነው። ድንቹን ከአልጋው ላይ ዓርብ አነሳዋለሁ፤ መበስበስ ስለጀመረ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

ቅዱስ ሎሬንሶ ይጠብቅህ፤ እንዳንተ ላለ ዋናተኛ እሱ ካልደረሰለት ማን ይደርስለታል።

ሚስትህ
ፎስካ