አንድ እፍኝ ለጣሳው

ጥቅምት 4
ሊጥ ላቦካ ስል እማዬ "እፍኙስ?" አለችኝ። ረስቼው! ከመቡካቱ በፊት አንድ እፍኝ ዱቄት ለጣሳው... ሁልጊዜ። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ቅዳሜ ቅዳሜ ከየቤቱ ሰብስቦ ለዳቦ ቤቱ ይሸጣል። ወንድሜ ሥነ መለኮት የሚማረው በዚያ ገንዘብ ነው።

ጥቅምት 8
የኅብረቱ ሰብሳቢ እማማ የጣሳውን ታሪክ ደገሙት። የመጀመሪያው መጋቢ ሲሞቱ የሚቀብራቸው ሰባኪ ጠፋ። አሥራ አንድ ሴቶች "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብለው ዱቄት መቆንጠር ጀመሩ። በአርባ ዓመት ሰባት መጋቢ አስተማሩ። የሰባቱ ፎቶ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል። ስምንተኛው ምስማር ተመትቶ ይጠብቃል። የወንድሜ።

ጥቅምት 22
ከወንድሜ ደብዳቤ መጣ። የሚላከው ለኅብረቱ ነው። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ አንባቢያቸው እኔ ነኝ። ፊታቸው ቆሜ ከፈትኩት።
"አልቻልኩም። ስጸልይ የሚሰማኝ የራሴ ድምፅ ብቻ ነው። ዱቄታችሁን እየበላሁ መዋሸት ከበደኝ። ትምህርቱን ትቼ ልመለስ ነው።"
ይህን በዓይኔ ብቻ አነበብኩት።
"አንቺ ዓይነ አፋር፣ ድምፅሽን ለማን አበደርሽው?" አሉ እማማ። ሴቶቹ ሳቁ። እማዬ ከሁሉም በላይ...
"ደህና ነኝ፣ በርትቼ እየተማርኩ ነው፣ ጸልዩልኝ... ይላል" አልኩ።
እልልታው! ምን ነካኝ?

ጥቅምት 23
እውነቱን ለሴቶቹ ልነግራቸው አዳራሹ ሄድኩ። እማዬ ለልብስ ሰፊዋ የወንድሜን የትከሻ ስፋት በክንዷ ታሳያለች። ለምረቃው ሱፍ ሊያሰፉለት ነው። ከበር ተመለስኩ።

ጥቅምት 29
"ለበረታ ልጅ ሁለት እፍኝ!" ተባለ። አምስት ልጆች ያሏት ጎረቤታችን እንኳ ሁለት አመጣች። ሃምሳው ሎሚ እኔ ላይ።

ኅዳር 13
ወንድሜ ፍራሹን ተሸክሞ አዳራሹ ገባ። ሁሉም ነበሩ።
"ደብዳቤዬ አልደረሳችሁም እንዴ?"
ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።
"ልጄ፣ ዓይናችን እኮ አንቺ ነበርሽ" አሉ እማማ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 20
ዛሬ በእኔ ፈንታ ለኅብረቱ ወንጌል ያነበበው የአዳራሹ ዘበኛ ነው። እየተንተባተበ። ምስማሩ ላይ ጃንጥላውን ሰቅሏል።
ቤት ስገባ እማዬ ዱቄት ዘግና ጣሳው ላይ እጇን አቁማለች። ወንድሜ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።
"ከእንግዲህ ለማን?" አለችኝ።
ዱቄቱ በጣቶቿ መሃል ይፈሳል። ግማሹ ጣሳው ውስጥ፣ ግማሹ መሬት...